ርጥብ ደንገል

ከደብረ ታቦር ወደ አንበሳሜ ከሚወርደው መንገድ ወጣ ብሎ፣ ከኮረብቶች ጀርባ፣ ጋሻ ባሕር የሚባል ትንሽ ሐይቅ ነበር። ጋሻ ያሰኘው ክብነቱ ነው። ኮረብታው ላይ ቆሞ ለሚያየው ሰው ሰማይ ከነደመናው ወርዶ በደንገል ሣርና በዋንዛ ዛፍ መካከል የተኛ ይመስለዋል። ብዙ መንገደኛ በቅሎውን ያቆምና “እሰይ!” ብሎ ያልፋል። ወደ ዳሩ የወረደ ግን አፍንጫውን በኩታው ጫፍ ይዞ ይመለሳል።

ምክንያቱ በምሥራቅ በኩል፣ ውሃው ወደ መሬቱ ገባ ብሎ የሚቆምባት ቦታ ናት። ሰዎቹ ጉያ ይሏታል። ቆዳ ፋቂዎች ጥሬውን ቆዳ የሚዘፈዝፉት እዚያ ነው። በዚያ በአሥራ ስምንት መቶ ሃምሳዎቹ ዓመታት በደብረ ታቦር ዙሪያ ጭፍራ መስፈር ካበዛ ወዲህ የቆዳ ፈላጊው ብዙ ሆነ፤ ለኮርቻ፣ ለጋሻ፣ ለጠፍር፣ ለስልቻ። ቆዳው ከየመንደሩ ይመጣል፣ ይዘፈዘፋል፣ ይፋቃል፤ ጠጉሩና ሞራው ለሐይቁ ይቀራል። ከጉያ ጎን ደግሞ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከብቶችም ቀትር ላይ እስከ ሆዳቸው ገብተው ይቆማሉ፤ ከብት ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚያደርገውንም ያደርጋሉ። ነጩ የእንዶድ አረፋ ከቆዳው ጠጉር ጋር እየተጣበቀ፣ እንደ ሽማግሌ ጢም፣ ዳር ዳሩን ይንሳፈፋል።

ማሩ የኖረው በዚህ ሐይቅ ምዕራብ ዳር ነው። ታንኳ ሠሪም ቀዛፊም ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ እግሩ አጭር፣ ድምፁ ከሰውነቱ ይልቅ ለስላሳ የሆነ፣ አርባ ዓመት ገደማ ያለው ሰው። ሚስቱ በንዳድ ሞታበት፣ ልጅ ሳይወልድ፣ ከእኅቱ ከጥሩወርቅ ቤት አጠገብ ብቻውን ይኖር ነበር። ሥራው ሰውና ዕቃ ማሻገር ሲሆን፣ ከዕቃው የሚበዛው ቆዳ ነው። ከገበያው መንገድ የሚመጣውን ጥሬ ቆዳ በታንኳው ጭኖ ወደ ጉያ ያደርሳል። በዚህ ኑሮው ቅር ብሎት አያውቅም። ማታ ማታ ታንኳውን ከውሃ ጎትቶ፣ ዋንዛው ላይ አስደግፎ ያቆመዋል፤ የደንገል ታንኳ ውሎ ካልደረቀ ይበሰብሳልና። ውሃው ከጀርባው ጠብ ጠብ ሲል ይሰማና “በል እረፍ” ይለዋል፤ በሬውን ከቀንበር እንደፈታ ገበሬ። ከዚያ ገብቶ እራቱን ይበላል።

ነገሩ የተለወጠው አንበሳሜ ገበያ ላይ ውድነሽን ካየ በኋላ ነው።

ውድነሽ የጉና ሰው ናት። ከዚያ ከብርዱ አገር፣ ገብስና በግ ብቻ ከሚበቅልበት፣ በጎቿን እየነዳች ትወርዳለች። ባሏ ሞቶባት የራሷን ቤት ራሷ ይዛ የምትኖር ሴት ነበረች። ማሩ መጀመሪያ ያያት ከአንድ ገዢ ጋር ስትከራከር ነው። ሰውዬው የበጉን ጥርስ ገልጦ ሲያይ “ጥርሱን ቆጥረህ ስትጨርስ የእኔንም ቁጠር፤ ከእሱ ይልቅ እኔ ነኝ የማረጀው” ስትለው ሰማ። ማሩ ሳቀ። ዘወር ብላ አየችው፤ እሷም ፈገግ አለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልቡ ጉና ላይ ቀረ።

ሽማግሌ ላከ። መልሱን ያመጣው የውድነሽ ታላቅ ወንድም ጌጡ ነበር። “የልጃገረድን ነገር አባቷ ይመልሳል፤ የፈትን ነገር የገዛ አፏ ይመልሳል” አለ። “እኅቴ ደግሞ አገሩን ሳላይ ለሰውዬው አልመልስም ብላለች። አንድ የእብናት እህል ነጋዴም ጠይቋታል። ቤቱን አሳይቷታል፣ ጎተራውን አሳይቷታል፣ በቅሎዎቹን ሳይቀር አሳይቷታል። ያንተን አይታ፣ ቅበላ ሳይገባ፣ ለሁለታችሁም ቁርጡን ትናገራለች።”

ማሩ ጎተራ አልነበረውም። ያለው ሐይቅ ነው። ስለዚህ ሐይቁን በታንኳ ሊያሳያት ወሰነ።

እኅቱ ጥሩወርቅ “ተው” አለችው። “ቤት ግባና ጠላ አጠጣት። ውሃ ለማያውቅ ሰው ውሃ ምን ያሳዩታል?”

“ጉናን ከሐይቁ መካከል ሆና ትይ።”

“ጉና ላይ ተወልዳ ጉናን ልታሳያት?”

አልሰማትም። ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነበር። ታንኳው ደህና ታንኳ ነው፤ ደረቅ፣ ቀላል፣ የታመነ። ግን ቆዳ ቆዳ ይሸታል። ቢያጥበውም፣ ፀሐይ ላይ ቢያቆመውም፣ በጤና አዳም ቢያሸውም ያው ነው። ይህን ታንኳ ያሸተተች ሴት ስለ ጉያ ትጠይቃለች። ስለ ጉያ ከጠየቀች ማሩ ምን ተሸክሞ እንደሚውል ታውቃለች። እሱ ደግሞ ሐይቁን ሲያሳያት ጉያን ሊያሳያት አላሰበም፤ ምዕራቡን ብቻ፣ ጥሩ ጥሩውን ብቻ።

ስለዚህ አዲስ ታንኳ ሠራ። በዚያ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ፤ ደንገል ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ቢጫ እስኪሆንና ሲነኩት ኮሽ ኮሽ እስኪል ድረስ። ከዚያ በኋላ ነው በልጥ የሚታሰረው። ርጥብ ደንገል ይከብዳል፤ ውሃ ላይ ሲውል ደግሞ ይባስ ውሃ ይጠጣል። ማሩ ይህን ከአባቱ ተምሯል፣ ለሌላም አስተምሯል። ሆኖም ቀኑ ቀረበበት። ደንገሉ ገና አረንጓዴ እንደሆነ አሰረው። ሲጨርሰው ታንኳው እንደ ሰንበሌጥ ያማረ፣ የሣር ሽታ የሚሸት ነገር ሆነ። ዞር ዞር ብሎ አየው። “ለአንድ ቀን ይችላል” አለ ለራሱ።

ውድነሽና ጌጡ በጧት ደረሱ። እሷ ከላይ የበግ ቆዳ ደበሎ ደርባለች፤ ከሥር ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ ለዚህ ቀን ያጠበችው መሆኑ ያስታውቃል። ጌጡ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዱላውን ከእጁ የማይለቅ ሰው ነው። ታንኳውን ሲያይ ቆመ።

“ይህ ነው?”

“ይህ ነው፣ አያ ጌጡ።”

“ይህማ ሣር ነው።”

“ሣር ነው፤ ግን ይንሳፈፋል።”

“እኛ አገር ሣር ለከብት ነው የሚሰጠው” አለ ጌጡ። “ሰው አይቀመጥበትም።”

“አያ፣ ከፈሩ ዳር ይቆዩ” አለች ውድነሽ።

“ፈራ ማን አለሽ? እኅቴን ከማላውቀው ሰው ጋር ውሃ ላይ ልለቃት ነው?” ብሎ እየተሳቀቀ ገባ። ዱላውን ይዞ ነው የገባው።

ማሩ ውድነሽን ከፊት፣ ጌጡን ከመካከል አስቀመጠ። “እሜቴ፣ እግርዎን ዘርግተው ይቀመጡ። አያ ጌጡ፣ እባክዎ እንዳይነሡ። ታንኳ ላይ የተነሣ ሰው የሚቀመጠው ውሃ ውስጥ ነው።” ጌጡ ዓይኑን ጨፈነ። ማሩ በሚቀዝፍበት ረጅም ቀርከሃ መሬቱን ገፋ አደረገና ተነሡ።

ጧቱ ጸጥ ያለ ነበር። በዚያ በምዕራቡ በኩል ውሃው ንጹሕ ነው፤ የደንገሉ ሥር ሳይቀር ይታያል። ይብራ የሚባሉት የውሃ ወፎች ከደንገሉ ውስጥ ብቅ እያሉ ያዩዋቸውና መልሰው ይገባሉ። ማሩ ቀርከሃውን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እያጠለቀ ይቀዝፋል፤ ከጫፉ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ይሰማል። ውድነሽ ጣቷን ውሃው ውስጥ ነክራ ከኋላው የሚቀረውን መስመር ታያለች።

መካከል ሲደርሱ ማሩ መቅዘፉን ተወ። “አሁን ወደታች ይመልከቱ” አለ።

ጉና ከነጫፉ፣ ከነጥላው፣ ተገልብጦ ውሃው ውስጥ ቆሟል። ውድነሽ ጎንበስ አለች። ቀና ብላ እውነተኛውን ተራራ አየች፤ መልሳ ጎንበስ አለች።

“አያ! ዓይንዎን ይግለጡ እንጂ፤ ቤታችን እዚህ አለ።”

ጌጡ አንድ ዓይኑን ገለጠ። “ተገልብጧል።”

“ይገልበጣ።” ከዚያ ወደ ማሩ ዘወር አለች። “ይኸውልዎ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እላዩ ላይ ኖሬ መልኩን አላየሁትም ነበር። ከእግር በታች ያለ ነገር መቼ መልኩ ይታያል?”

ማሩ ደስታው አንገቱ ላይ ደረሰ። ሊመልስላት አስቦ አፉን ሲከፍት፣ ተረከዙን ቀዘቀዘው። ወደታች አየ። ውሃ ገብቷል።

ርጥቡ ደንገል መጠጣት ጀምሯል። ታንኳው ጠርዙ ዝቅ ብሏል፤ ሦስት ሰውም ተጭኖበታል። ማሩ ቀርከሃውን አነሣና ፊቱን ወደ ቤት አዞረ። ግን እንደ ልማዱ ፀሐይ ከፍ ስትል ከምዕራብ ነፋስ ተነሣ። ደረቅ ታንኳ ቢሆን ነፋሱን ሰንጥቆ ይሄድ ነበር፤ ይህኛው ግን እንደ ጠገበ ጎሽ ከበደ። አንድ ክንድ ሲቀዝፍ ነፋሱ ሁለት ክንድ ይመልሰዋል።

“ማሩ ወንድሜ” አለ ጌጡ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ “መቀመጫዬ ርሷል። እኔ ነኝ ወይስ ታንኳው?”

“ታንኳው ነው፣ አያ ጌጡ።”

“ተመስገን። አይ፣ ተመስገን እንኳ አይባልም።” ከዚያ በኋላ ውዳሴ ማርያሙን ከመጀመሪያው ጀመረ።

ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ገፋቸው። ማሩ ወዴት እንደሚሄዱ ያውቃል። ቀርከሃው እስኪጎብጥ ታገለ፤ አልሆነም። በመጨረሻ መታገሉን ትቶ፣ ታንኳው ሳይሰጥም መሬት የሚነኩበትን ቅርብ ቦታ ፈለገ። ቅርቡ ቦታ ጉያ ነበር።

መጀመሪያ ሽታው መጣ። ቀጥሎ አረፋው። ከዚያ ውሃው ራሱ ቀለሙ ተለወጠ፤ እንደ አጓት ደፈረሰ።

“ምን ሞቶ ነው?” አለ ጌጡ ጸሎቱን አቋርጦ።

“አሣ ይሆናል” አለ ማሩ።

ውድነሽ አየችው። ውሃው ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ አርሶታል፤ አንድ የፍየል ጠጉር ጭብጥ ተንሳፍፎ መጥቶ ጭኗ ላይ ተለጥፏል። እሷም በሁለት ጣቷ አንሥታ መልሳ ወደ ውሃው ጣለችው።

ከዳር አንድ ሰው ክንዱን እያውለበለበ ጮኸ። ሙላቴ ነበር፣ የጉያው ቆዳ ፋቂ፣ የማሩ የቆየ ወዳጅ። “ማሩ! ዛሬ ያለ ጭነት መጣህ? ያ ትናንት የተውከው የበሬ ቆዳ መቼ ነው የሚመጣልኝ? አንተ እኮ ካላመጣህ እኔ ጦም አዳሪ ነኝ!” ከዚያ ሴት መኖሯን አየና ክንዱን አወረደ። “ውይ። እንግዳ አለ።”

ታንኳው ጭቃውን ነካና ቆመ። ማሩ ዘሎ ወርዶ ጎተተው። ጌጡን ደግፎ አወረደ፤ ውድነሽ እጁን ሳትጠብቅ ወረደች፤ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ውስጥ ገባ።

“አንተ ሰው!” አለች፤ ጮክ ብላ። “ዋና አልችልም እኮ!”

“እኔ እችላለሁ” አለ ማሩ።

“እሱ ለአንተ ነዋ!”

ሙላቴ ሮጦ እሳት አነደደ። ጎጆው ደጅ ላይ የለሰለሰ የበሬ ቆዳ አንጥፎ “አረፍ ይበሉ፣ እሜቴ፤ ከዚህ በላይ ንጹሕ ነገር የለኝም” አለ። ውድነሽ ተቀመጠች፤ የቀሚሷን ጫፍ ወደ እሳቱ ዘረጋች። ዙሪያው ሁሉ ቆዳ ነው፤ የተወጠረ፣ የተሰቀለ፣ የተከመረ። ጌጡ ኩታውን አፍንጫው ላይ ጠቅልሎ ከነፋሱ በላይ ሄዶ ቆመ። ከዚያ ሆኖ “የእብናቱ ሰውዬ ቤት የገብስ ሽታ ነበር የሚሸተው!” ብሎ ጮኸ።

ማሩ ቆሟል። ነገሩ እንደተበላሸበት ገብቶታል። ቀርከሃውን ከእጁ ሳይጥል፣ መሬት መሬቱን ያያል።

“ሌላ ታንኳ የለህም?” አለችው።

“አለኝ። ዋንዛ ተደግፎ ቆሟል።”

“ደረቅ ነው?”

“እንደ አጥንት።”

“ታዲያ በምን ምክንያት ነው በዚህ ውሃ ጠጪ ያመጣኸን?”

“ይሸታል” አለ ማሩ።

“ምን ይሸታል?”

“ይህን ይሸታል።” በእጁ ዙሪያውን አሳያት። “ቆዳውን ወደዚህ የማመላልሰው እኔ ነኝ። እንጀራዬ ይህ ነው። አሣ አይደለም የሞተው፤ ዋሽቼሻለሁ። ይህን ሁሉ ሳታዪ እንድትመለሺ ነበር ያሰብኩት።”

“አንተ ራስህ ግን አትሸትም።”

“ትናንት እላይ ምንጭ ወጥቼ በእንዶድ ታጥቤ ነው።”

“ትናንት ብቻ?” አለ ሙላቴ እሳቱን እየቆሰቆሰ። “ሴትየዋን አታታልል። ሳምንቱን ሙሉ ሲታጠብ ነው የከረመው፤ እናቱ እንኳ እንዲያ አላጠበችውም፤ ቆዳው አልቆ እኔ ዘንድ ሊመጣ ምንም አልቀረው።”

ውድነሽ ሳቋ አመለጣት። ልትይዘው ብትሞክርም አልሆነላትም። ማሩ ቀና ብሎ አያት፤ አንበሳሜ ገበያ ላይ ካየው ይልቅ እዚህ ጭቃና ጢስ ውስጥ ይበልጥ አማረችበት። ሆኖም ተስፋ ለማድረግ አልደፈረም።

ሳቋን ስትጨርስ የደበሎዋን ጫፍ ያዝ አድርጋ ለሙላቴ አሳየችው። “ይህን የእናንተ አገር ሰው ነው የፋቀልኝ?”

ሙላቴ ዳሰሰው። “የእኔ እጅ አይደለም። ሻካራ ነው። የእኔ ቢሆን አንገትዎን አያሳክክዎትም ነበር።”

“ያሳክከኛል፤ እውነትህን ነው።” ደበሎዋን ለቀቀች። “እሱን ለብሼ ስተኛ በየትኛው ውሃ እንደታጠበ ጠይቄ አላውቅም።” ቀጥላም፣ “ቢሆንም ይሸታል። አይሸትም አልልም። በጣም ይሸታል” አለች።

“በጣም” አለ ማሩ።

ቀሚሷ እንደመድረቅ ሲል ነፋሱም ጋብ አለ። ወደ ማዶ መሻገር ነበረባቸው። አዲሱ ታንኳ ጭቃው ላይ እንደ ረጠበ ጭድ ተዘርግቷል፤ ከእንግዲህ አይነሣም። ሙላቴ የራሱን ሰጣቸው፤ ጥቁር፣ አሮጌ፣ ገና ያልወረደ የበግ አጎዛ የተከመረበት። ጌጡ ዱላውን መሬት ላይ ተከለ።

“እኔ በእግሬ ዞሬ እመጣለሁ። ዛሬ ከሣር ጋር ተለያይቻለሁ። ውድነሽ፣ ነይ።”

“እርስዎ ይሂዱ፣ አያ። እኔ በዚህ እሄዳለሁ።”

“በዚህ? ሽታው ለሳምንት አይለቅሽም!”

ውድነሽ ግን ገብታ አጎዛው ላይ ተቀምጣ ነበር።

ማሩ ቀዘፈ። ደረቁ ታንኳ ያለ ድካም ውሃውን ሰንጥቆ ሄደ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች፤ የደንገሉ ጫፍ ቀልቷል። ጌጡ በዳር በዳር፣ ቁጥቋጦ እየጣሰ፣ እነሱን ላለማጣት እየሮጠ ይከተላል። አልፎ አልፎ ድምፁ ይመጣል፤ “አላችሁ?” ይላል። “አለን!” ትላለች ውድነሽ።

ከጉያ ወጥተው ንጹሑ ውሃ ላይ ሲደርሱ እንዲህ አለችው።

“የእብናቱ ሰው ጎተራውን አሳየኝ፤ በቅሎዎቹን አሳየኝ። አንድ የተዘጋ ቤት ግን ነበረው፤ ምንድን ነው ስለው ምንም አይደለም አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስበው ያን ቤት ነው። ጎተራውን ረሳሁት።” አጎዛውን በእጇ መታ መታ አደረገች። “አንተም ልትዘጋብኝ ነበር። ነፋሱ ነው የከፈተልኝ።”

“እሱስ እውነት ነው።”

“እንግዲህ ካንተ ዘንድ ከዚህ የከፋ የቀረ ነገር አለ?”

ማሩ አሰበ። ከልቡ አሰበ። “ስተኛ አንኮራፋለሁ” አለ።

“የሞተውም ያንኮራፋ ነበር፤ ነፍሱን ይማር። ቤቱ ግን ከዳሩ ራቅ ይላል፤ እላይ፣ ከነፋሱ በላይ። የቆዳው ታንኳ ለብቻ፣ የሰው ታንኳ ለብቻ። ምንጭ ወጥተህ ሳትታጠብ ደጄን አትረግጥም። በጎቼንም ይዤ እመጣለሁ፤ ጉያ ግን አላጠጣቸውም።”

ማሩ ቀርከሃውን ውሃ ውስጥ እንደነከረ ረሳው። ታንኳው በራሱ ቀስ ብሎ ዞረ። “እሺ ማለትሽ ነው?” አለ።

“ቅዘፍ እንጂ” አለች። “አያ ቀድሞን ሊደርስ ነው።”

ዳር ሲደርሱ ጌጡ እሾህ የቧጨረው እግሩን እየዳበሰ፣ ከጥሩወርቅ ጋር ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። የእኅቱን ፊት አየ፤ የማሩን ፊት አየ፤ ጠረኑም ደረሰው።

“እህስ?”

“አያ፣ ለእብናቱ ሰው መልእክተኛ ይላኩ። እግዜር ይስጥልን ይበሉት፤ ይቅርብን።”

ጌጡ ወደ ማሩ ዞረ። “የሠርጉ ቀን ይህ ሽታ ይኖራል?”

“ነፋሱ ከወዲህ ከነፈሰ አይኖርም” አለ ማሩ።

“ከወዲያ ከነፈሰስ?”

“ይኖራል፣ አያ ጌጡ።”

ጌጡ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋደመ። ጥሩወርቅን “ጠላው የት ነው?” ብሎ ጠየቃትና ከፊት ቀድሞ ወደ ቤት ገባ።